ጡት ለጣሉ የፍየል ግልገሎች፦ የማሽላ አገዳ ወይስ የለውዝ ድርቆሽ?

በሐረር ዙሪያ በጋው ሲጠና የማሽላ አገዳ አይጠፋም። ብቻውን ግን ፕሮቲኑ ከመቶ 4 ገደማ ስለሆነ ሆድ ይሞላል እንጂ ግልገል አያሳድግም። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ተከትፎ በቀን 100 ግራም ያህል ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) ሲጨመርበት ያስኬዳል፤ ፋጉሎው በአንዴ ከበዛ ተቅማጥ ነው፣ በ10 ቀን ቀስ እያሉ ከፍ ማድረግ። በድርቅ የቀጨጨ አረንጓዴ ማሽላና ከአጨዳ በኋላ ያቆጠቆጠው ሳያናይድ የሚባል መርዝ ስላለው ይገድላል።

የባቢሌ የለውዝ ድርቆሽ ይሻላል፤ ፕሮቲኑ ከአገዳው እጥፍ በላይ ነው። 12 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል በቀን 400 ግራም ገደማ ይበቃል። ሲገዙ እስሩን ነቅነቅ ማድረግ ነው፦ ቅጠሉ ረግፎ ግንዱ ብቻ ከቀረ ዋጋውን አያወጣም። አፈሩም ይራገፍ። ትልቁ ጣጣ ሻጋታ ነው፤ እርጥብ ሳለ ከተከመረ መሃሉ ይግላል። ዱቄት የመሰለ ነገር የያዘው ይጣል፣ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ የግልገልን ጉበት ይጎዳል።