ለአራስ ብላችሁ «የቅልጥም መረቅ ዱቄት» ከመግዛታችሁ በፊት

እህቴ በቀዶ ሕክምና ከወለደች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። በእርግዝናዋ መጨረሻ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ስለነበር ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሟ «ጨው ቀንሱላት» ብለው ደጋግመው ነግረውናል። ይህን አስቀድሜ የማነሣው ንዴቴ የገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ እንድትረዱልኝ ነው።

እናታችን በሕይወት ሳለች አራስ ካለችበት ቤት መረቅ ከምድጃ አይወርድም ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ ውዬ የምገባው ከመሸ ነው፤ ቆሜ አጥንት የምቀቅልበት ሰዓት አጣሁ። በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ ያየሁት። «መቶ በመቶ የበሬ ቅልጥም መረቅ ዱቄት፤ 12 ሰዓት የተቀቀለ፤ ለአራስ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ወተት ላነሳት እናት» ይላል። ከጽሑፉ በላይ እንፋሎት የሚወጣው ጎድጓዳ ሳህንና የእንጨት ማንኪያ ይታያል። 250 ግራም የሚይዘው የፕላስቲክ ዕቃ 1,800 ብር ነው። ሁለት አዘዝኩ፤ 3,600 ብር በባንክ አስተላለፍኩ፤ በዚያው ቀን በሞተር ብስክሌት መጣልኝ።

ማታ መመሪያው እንደሚለው አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ኩባያ ሙቅ ውኃ በጥብጬ ለእህቴ ሰጠኋት። ግማሹን ጠጥታ መለሰችልኝና «ጨው በዛበት፣ ከንፈሬን አቃጠለኝ» አለች። ቀመስኩት። እውነቷን ነው። ሽታው ሥጋ ሥጋ ይላል፣ ቀለሙ እርድ የገባበት አልጫ ይመስላል፤ ነገር ግን በቅልጥም መረቅ ላይ የሚንሳፈፈው ክብ ክብ የስብ ዓይን አንድም አልነበረበትም።

የቀረውን ኩባያ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኩት። ከጉልበትና ከሌላ መገጣጠሚያ አጥንት በቂ ሰዓት የተቀቀለ መረቅ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ዕቃውን ስትነቀንቁት ይንቀጠቀጣል። በአጥንቱ ጫፍና በጅማቱ ያለው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን በረጅም እሳት ወደ ጄላቲን፣ ማለትም መረቁን ወደሚያረጋው ነገር፣ ስለሚለወጥ ነው። የእኔ ኩባያ ጠዋት ላይ ከላይ ውኃ፣ ከታች ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዝቃጩ ትንሽ በሳህን ላይ አድርጌ ለቁስል የምንጠቀምበትን አዮዲን አንድ ጠብታ ጣል አደረግሁበት፤ ወዲያው ጠቆረ። አዮዲን ስታርች (በእህልና በድንች ውስጥ ያለውን ነጭ ዱቄት) ሲነካ ወደ ሰማያዊና ጥቁር ይለወጣል። አጥንት ደግሞ ስታርች የለውም። (ይህን የምትሞክሩ ሰዎች በዚያ ሳህን ያለውን ድፉት፤ ለመብል አይሆንም።)

የባሰውን ያወቅሁት ያልተከፈተውን ሁለተኛ ዕቃ ስመረምር ነው። «የቅልጥም መረቅ» የሚለው ወረቀት ጥግ ጥጉ ተነሥቶ ነበር። በሙቅ ውኃ አርሼ ስልጠው ከሥሩ በእንግሊዝኛና በዐረብኛ የታተመ ሌላ ጽሑፍ ወጣ። ይዘቱ በቅደም ተከተል ጨው፣ የበቆሎ ስታርች፣ ጣዕም ማጎልበቻ ኢ 621፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ ቀለም፣ በመጨረሻም የበሬ ሥጋ ዱቄት 0.5 በመቶ ነው። ቅልጥም የሚል ቃል የትም የለም። ሰውየው በየሱቁ የሚገኘውን ተራ የሾርባ ማጣፈጫ ዱቄት ገዝቶ የራሱን ወረቀት ለጥፎበታል ማለት ነው።

በምግብ ዕቃ ላይ ይዘቱ የሚዘረዘረው በክብደት ነው፤ ብዙ የገባው ቀድሞ ይጻፋል። ጨው መጀመሪያ ላይ ካያችሁ የገዛችሁት ጨው ነው። ከዚያ በጨው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር፣ ሶዲየሙን፣ ፈልጉ። የእኔው ላይ በ100 ግራም 20 ግራም ሶዲየም ይላል። ሶዲየምን በ2.5 ስታባዙት ጨው ይሆናል፤ ስለዚህ ከዕቃው ግማሹ ጨው ነው። አንድ ሙሉ የሾርባ ማንኪያ በወጥ ቤት ሚዛን ስመዝነው 10 ግራም ሆነ፤ 5 ግራም ጨው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከሁሉም ምግብ ተደምሮ ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲወስድ ነው የሚመክረው። የሻጩ መመሪያ ደግሞ «ለአራስ በቀን ሦስት ኩባያ» ይላል። የደም ግፊት ላለባት አራስ! ይህን ሳሰላ እጄ ተንቀጠቀጠ።

የሾርባ ኩብንም ሆነ ማጣፈጫን አልቃወምም። ምን እንደሆነ አውቆ፣ በዋጋው ገዝቶ፣ የወጡን ጨው ቀንሶ ቆንጠር አድርጎ የሚጨምር ሰው አልተታለለም። ማታለል የሚሆነው ጨውን በቅልጥም ስም፣ በአራስ ስም መሸጥ ነው። አንድ ነገር ግን ጾመኞች ልብ በሉ፤ እንዲህ ያለው ዱቄት ጥቂትም ቢሆን ሥጋ አለበትና የጾም ሽሮና ምስር ውስጥ ሳታውቁ እንዳይገባባችሁ። ሙስሊም ወገኖቼም የሥጋው አስተራረድ ያልተገለጸበትን ዕቃ በሻጩ ቃል ብቻ አትመኑ።

ወተት ይጨምራል ስለሚለውም፣ ወተት የሚያመጣው ሕፃኑ ደጋግሞ መጥባቱ ነው፤ እናቲቱ ስትበላ፣ ስትጠጣና ስታርፍ ደግሞ አቅም ታገኛለች። ጥሩ መረቅ ያሞቃል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ይህ በቂው ነው።

ቅዳሜ ሉካንዳ ሄጄ የሆነውን ስነግራቸው ባለ ሉካንዳው «ቅልጥም ብቻ ከሆነ ስቡ ይበዛል እንጂ አይረጋም፤ ጉልበቱን ቀላቅዪበት» ብለው ሁለት ኪሎ መርጠው ሰነጠቁልኝ። ስለዚህ የቅልጥም መረቅ አልረጋም ብላችሁ ብቻ ሐሰት ነው አትበሉ። አጥንቱን በቀዝቃዛ ውኃ ጥጄ፣ አረፋውን ገፍፌ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ጨምሬ፣ ያለ ጨው፣ በዝግታ እሳት ለስድስት ሰዓት ያህል ተውኩት። አጥልዬ በትናንሽ ዕቃ ከፋፈልኩት፤ ለሦስት ቀን የሚበቃው ማቀዝቀዣ፣ ሌላው በረዶ ቤት ገባ። አሁን ማታ ስገባ አንዱን አውጥቼ ማሞቅ ብቻ ነው። ከእህቴ የተረፈው ለአልጫው፣ ለሩዙም ደርሷል። ለሁለት ኪሎ አጥንት የከፈልኩት ለዚያ ዱቄት ካወጣሁት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ለሻጩ የተላጠውን ወረቀት ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት። «እህቴ፣ ሌሎች ደንበኞች ተስማምቷቸዋል» አለ፤ ገንዘቤን ስጠይቀው ዘጋኝ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ዕቃውን፣ የባንክ ደረሰኙንና ማስታወቂያውን ይዤ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አመልክቻለሁ፤ በ8482 በነጻ መደወልም ይቻላል። እንደ እኔ የገዛችሁ ካላችሁ ዕቃውን አትጣሉ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትንም አታጥፉ።

ትናንት ያው ዱቄት በሌላ ስም ወጥቷል። አሁን «የልጆች ዕድገት መረቅ» ተብሏል፤ ዋጋው 2,100 ብር ነው። እንፋሎት የሚወጣው ጎድጓዳ ሳህንና የእንጨት ማንኪያው ግን አልተለወጡም፤ ፎቶውን ስታዩ ታውቁታላችሁ።