ቤት ከመግዛቴ በፊት ያስፈተሽኩት ኢንጂነር፦ ከአምስት አራት

የቤቱን ግማሽ ገንዘብ የምታወጣው ኖርዌይ ያለችው ታናሽ እህቴ ናት። ስለዚህ አለቃዬም እሷ ናት። ቤቱ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው፣ ጂ ፕላስ ዋን። ፎቶ ስልክላት "ሪፖርቱስ?" አለችኝ። የምን ሪፖርት? "የቤቱ ሁኔታ ነዋ! ሰርቬየር አላየውም እንዴ?"

እኔም ሰርቬየር ጠራሁ። ልጁ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ግቢ ውስጥ ተክሎ ከአጥር እስከ አጥር ለካና ከካርታው ጋር ይገጥማል አለኝ። የጓዳውን ክፍል ስንጥቅ ሳሳየው "እህቴ፣ እኔ መሬት ነው የምለካው" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው። እኛ ጋ ሰርቬየር ማለት እሱ ነው። እህቴ የምትለው ሌላ ሙያ ነው።

እነሱ ጋ፣ ኖርዌይ፣ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው) ሻጭ ለተራ ገዢ "ባለበት ሁኔታ ሸጫለሁ" ብሎ መገላገል አይችልም። ስለዚህ ቤቱን ባለሙያ ያስፈትሻል። የፈታሹ ትምህርትና የሥራ ልምድም ደንብ አለው። እያንዳንዱ ነገር ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጠዋል። 3፣ ማለትም ከሁሉ የከፋው፣ ከተባለ ማስተካከያው በግምት ስንት እንደሚፈጅ ይጻፋል። እኛ ጋ ደግሞ ውል ስትዋዋሉ የሚታየው ካርታው፣ ዕዳና እገዳው ነው። ስለ ስንጥቅ የሚጠይቅ የለም። ባንክ የሚልከው ኢንጂነርም የሚገምተው ዋጋ ነው፤ ብዙ ሰው ይሄንን ከፍተሻ ጋር ያምታታዋል።

ሰው በሰው አጠያይቄ አንድ የስትራክቸር ኢንጂነር አገኘሁ። ስሙን የማልጽፈው ስላላስፈቀድኩት ነው። 12 ሺህ ብር ተስማማን። እህቴ "መጀመሪያ ፈቃዱን እይ" ስላለችኝ እያፈርኩ ጠየቅሁት። ቅር አላለውም። የባለሙያ ምዝገባ ወረቀቱን አውጥቶ የታደሰበትን ቀን በጣቱ አሳየኝ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ የሕንፃ ዲዛይን በተመዘገበ ባለሙያ ይሠራ ይል ነበር። ለመግዛት ሲባል፣ የቆመ ቤት ማን ይፈትሽ የሚለውን ግን አይናገርም ነበር። ስለዚህ "ቤት አያለሁ" ፎርማንም ይላል፣ ደላላም ይላል።

ከግድግዳው በፊት ወረቀት ጠየቀ። የጸደቀውን ፕላን። ሻጩ ጋሼ ፈልገው እስኪያመጡ ግማሽ ቀን ሄደ። ፕላኑ ላይ ምድር ቤቱ ሦስት መኝታ ነው። ቤቱ አራት አለው። አራተኛው የትኛው ይመስላችኋል? ያ ስንጥቅ ያለበት የጓዳ ክፍል! ኋላ የተቀጠለ ነው፣ ያለ ፈቃድ። ቀጥሎ ማን እንደሠራው ጠየቀ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተቋራጭ ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ ነው። ጋሼ ግን ያሠሩት በግንበኛና በቀን ሠራተኛ ነው። የምንይዘው ተቋራጭ የለም።

ኮለኖቹን በሽሚት ሐመር መታ፤ አርማታ ላይ ነጥሮ ጥንካሬውን የሚገምት መሣሪያ ነው። ልስን ላይ ቢመታ ዋጋ የለውምና መዳፍ የምታህል ልስን ላንሳ ሲል ጋሼ ተቆጡ። በመጨረሻ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ፈቀዱ። ቁጥሩን ካነበበ በኋላ "ይሄ የሚነግረኝ የላይኛውን ጥንካሬ ነው፣ ውስጡን በእርግጠኝነት ለማወቅ አርማታው ተቆፍሮ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል" አለ። መሣሪያውን አለማጋነኑን ወደድኩለት።

ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በብሎኬቶቹ መጋጠሚያ ላይ እንደ ደረጃ እየታጠፈ ይወርዳል። ኢንጂነሩ ጄሶ በጥብጦ እንደ ፕላስተር አግድም ለጠፈበትና በእርሳስ "22/9" ብሎ ጻፈ። ግንቦት 22 ማለት ነው። "ዝናቡ ይምታውና እናያለን።" አፈሩ ዋልካ ነው፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ደላላው በየሁለት ቀኑ እየደወለ "እናትዬ፣ ሌላ ገዢ መጥቷል" ይለኛል። እኔ የምጠብቀው ጄሶ ነው፣ ምን ልበለው?

ሰኔ 16 ተመልሰን ሄድን። ጄሶው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር። እርሳሱ የጻፈው 22 ለሁለት ተከፍሏል። ስንጥቁ ገና እየሄደ ነው። ቅጥሉ የተሠራው በደንብ ባልተጠቀጠቀ ሙሌት ላይ ነው፣ ከዋናው ቤት ጋርም የታሰረበት ፌሮ አልተገኘም። ዋናው ቤት ደህና ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሪፖርቱ 8 ቀን ዘገየ። ሲመጣ ደግሞ 11 ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ! የምከፍለው እኔ፣ የማነበው እኔ። ስነጫነጭ አንድ ገጽ አማርኛ በእጁ ጻፈልኝ፤ ከ11ዱ ይልቅ የጠቀመኝ እሱ ነው። የማስተካከያ ወጪ የለበትም፣ ያ ራሱን የቻለ ሥራ ነው አለ። እህቴ አንድ ነጥብ የቀነሰችው በዚህ ነው። ሴፕቲክ ታንኩ ላይ "ክዳኑ ስላልተከፈተ አልታየም" ብሎ ጽፏል። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ያላየውን አላየሁም ማለቱ ነው ያሳመናት።

ጋሼ ያችን አንድ ገጽ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቧት። ከዚያ ተደራደርን። የጓዳውን ክፍል ዋጋ ቀንሰን ቤቱን ገዛነው፣ ክፍሉንም አፍርሰነዋል።

ይሄን ሰው የምትጠሩ ከሆነ ረጅም መሰላል ተዋሱ። የራሱ የለውም። እኛ ጋ ጣሪያውን ያየው በሁለተኛው ቀን ነው፣ እሱም የጎረቤት መሰላል ተለምኖ።