«መቶ በመቶ የተረጋገጠ ፒኤችዲ» ለሚሸጥላችሁ ብር አትላኩ

ጅማ ያላችሁ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ልጆች፣ ይቺ ጽሁፍ ለእናንተ ናት። «ፒኤችዲ በአሜሪካና በአውሮፓ፣ ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ መቶ በመቶ የተረጋገጠ» የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራምም በቲክቶክም እየዞረ ነው። ቂጦ ግቢ አካባቢ ምሰሶ ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ከመደወላችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

የኤጀንሲውን ስም አልጠራም። ብጠራው ነገ ሌላ ታፔላ ሰቅሎ እዚያው ፎቅ ላይ ይቀጥላል። ደግሞም አንድ ብቻ አይደለም። አሠራራቸው ግን አንድ ነው፤ እሱን ካወቃችሁ ስሙ ምንም አይጠቅማችሁም።

እኔ ነገሩን ያወቅኩት በሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ሁለታችንም የሆስፒታል መሣሪያ ጥገና ላይ ነው የምንሠራው። እሱ ማስተርሱን ጨርሷል፣ ፒኤችዲ መማር ይፈልጋል። ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆነው ቢሮ ድረስ ሄዱ። የተቀበላቸው ልጅ ሱፍ ለብሷል፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽዬ የአሜሪካ ባንዲራ ተተክላለች። «ወንድሜ፣ አንተ ዶክመንትህን ብቻ አምጣ። ሌላውን ለእኛ ተው» አለው። ዶክመንት የሚለው ቴምፖውን፣ ስቱደንት ኮፒውን፣ የፓስፖርት ኮፒና ጉርድ ፎቶ ነው። ክፍያው 60 ሺህ ብር። ግማሹ በዕለቱ፣ ግማሹ «አድሚሽኑ ሲመጣ»። ደረሰኝ የለም። ብሩም የገባው በድርጅቱ ሳይሆን በአንድ ግለሰብ አካውንት ነው።

ውሉን አይቼዋለሁ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጮኸው «መቶ በመቶ» እዚህ ውስጥ ድራሹም የለም። ያለው «አገልግሎቱ ማመልከቻው በገባበት ዕለት እንደተጠናቀቀ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ ነው። ወረድ ብሎ ደግሞ «ክፍያው በማንኛውም ምክንያት ተመላሽ አይሆንም» ይላል። ሁለቱን አገናኝታችሁ አንብቧቸው። ሰውየው የሸጠላችሁ ፎርም የመሙላት ሥራ ነው። ቢሞላም ባይቀበሏችሁም ብሩ የሱ ነው። የጅማ ሰው ቡና እንኳ ጆንያውን አስከፍቶ እፍኝ ሳያይ አይገዛም።

«ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለው ዋናው ማጥመጃ ነው። አሜሪካ ውስጥ በባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ፒኤችዲ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የተቀበሉትን ተማሪ ወጪ ራሳቸው ይችላሉ። የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ መኖሪያ የሚሆን አበል አለ፣ የጤና ኢንሹራንስም አለ። ገንዘቡ የሚመጣው ከፕሮፌሰሩ የምርምር በጀት፣ ከዲፓርትመንቱ፣ ወይም በማስተማር ረዳትነት ከምትሠሩት ሥራ ነው። ኤጀንሲው እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። አውሮፓ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ጀርመን፣ ኔዘርላንድ፣ ስዊድን ብዙ ጊዜ ፒኤችዲ ማለት ሥራ ነው። ክፍት ቦታ ይወጣል፣ ትወዳደራላችሁ፣ ካለፋችሁ ደሞዝተኛ ናችሁ። እነዚህ ቦታዎች ዩራክሰስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ድረ ገጽ ላይ ለማንም በነጻ ይታያሉ። ኅብረቱ ራሱ ገንዘብ የሚሰጥባቸው የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ቦታዎችም እዚያው ይወጣሉ። ኤጀንሲው «በልዩ ግንኙነት ያገኘነው ዕድል» ብሎ ለባልደረባዬ ያሳየው ወረቀት ከዚያው ላይ ፕሪንት የተደረገ ነበር። ከግርጌው የድረ ገጹ አድራሻ እንኳን አልተቆረጠም።

በእርግጥ የሚከፈል ነገር የለም አልልም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ የማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 125 ዶላር አካባቢ ነው። እኛም እዚህ ላይ ነው የምንቸገረው፤ ዶላሩን በምን ካርድ እንክፈል? ኤጀንሲዎቹ የሚኖሩት በዚች ቀዳዳ ነው። ካርድ ያለው ሰው ከፍሎላችሁ ትንሽ ኮሚሽን ቢወስድ እኔ በበኩሌ ነውር አይመስለኝም። ግን መጀመሪያ ክፍያው ይነሳልኝ ብላችሁ ጠይቁ። ፊ ዌቨር ይሉታል። ለፕሮግራሙ ኮኦርዲኔተር አራት አምስት መስመር ኢሜይል ነው። ሁሉም እሺ አይሉም፤ እሺ የሚሉት ግን ጥቂት አይደሉም። ባልደረባዬ ክፍያውን ከኤጀንሲው ጋር ከተሳሰበባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ጭራሽ ክፍያውን አንስቶለት ነበር። ፖርታሉ ላይ፣ ማለትም ማመልከቻው በገባበት የዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ፣ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ዶላሩ ግን በብር ተመንዝሮ ከሱ ኪስ ወጥቷል።

ይሁን፣ ብሩን ውሃ በላው እንበል። እኔን ይህን ያስጻፈኝ ከዚያ የከፋው ነው። ሰዎቹ በስማችሁ ምን እንደሚጽፉ አታዩም።

ኤጀንሲው በባልደረባዬ ስም አዲስ ጂሜይል ከፈተ። ፓስወርዱ እነሱ ጋር ነው። «ለሁሉም ደንበኛ እንዲህ ነው የምናደርገው፣ ለደኅንነት ነው» አሉት። ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ። ሲደውል መልሱ «ፕሮሰስ ላይ ነው» ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ተጨቃጭቆ፣ ሊከስም ዝቶ ፓስወርዱን ተቀበለ። ከፍቶ ሲያይ ከአንድ ፕሮፌሰር የመጣ የዙም ቃለ መጠይቅ ግብዣ ሳይነበብ ተቀምጧል። ቀኑ አልፏል። ከሱ በላይ ደግሞ ሁለተኛ ኢሜይል አለ፦ መልስ ስላላገኘሁ ፍላጎት እንደሌለህ ቆጥሬዋለሁ፣ መልካም ዕድል። ይኸው ነው።

የፒኤችዲ ቃለ መጠይቅ ብዙ ጊዜ በጥርና በየካቲት ነው የሚካሄደው። ፕሮፌሰሩ የሚጽፈው ማመልከቻው ላይ ባለው ኢሜይል ነው። ያ ኢሜይል በሌላ ሰው እጅ ከሆነ እናንተ የላችሁም ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ዓይነት ውል ብትዋዋሉ ኢሜይሉ የራሳችሁ ይሁን።

ባልደረባዬን ፕሮፌሰሩ የፈለገው ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ የሚባለውን ድርሰት ራሱ ነው የጻፈው። ስለ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ነው። መሣሪያው አየር ይስባል፣ ናይትሮጅኑን ዜዮላይት በሚባል ማጣሪያ ያስቀራል፣ ኦክስጅኑን ለበሽተኛው ያሳልፋል። ዜዮላይቱ እርጥበት ሲጠጣ የኦክስጅኑ መጠን ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ82 በመቶ በታች መሆን የለበትም ይላል። ማሽኑ ግን ሲሠራ ድምፁ ያው፣ መብራቱ ያው ነው፤ አላርሙ ከተበላሸ በመለኪያ ካልሆነ በቀር ማን ያውቅበታል? እሱ የጅማን እርጥበት፣ ክረምት ላይ ከየዋርዱ እየተገፉ የሚመጡለትን ማሽኖች፣ በርካሽ ሴንሰር ሊሠራ ያሰበውን ጻፈ። አንብቤዋለሁ፤ እንግሊዝኛው ትንሽ ቢወላገድም የሚሠራ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል።

አብሮት ቢሮ የሄደው ጓደኛው ሥራው ሌላ ነው። በማይክሮስኮፕ ምስል ላይ የወባ ተውሳክን በኮምፒውተር የመለየት ነገር ላይ ነው የተመረቀው። ኮንሰንትሬተር ፈትቶ አያውቅም። የሱን ፖርታል አብረን ከፈትን። ድርሰቱ ስለ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ነው። ቃል በቃል። ክረምቱም አለ፣ ዋርዱም አለ፣ ዜዮላይቱም አለ። ስሙን ቀይረዋል፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን ረስተውት የባልደረባዬ ስም እንዳለ ተቀምጧል። ሁለቱም ያመለከቱት ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ አንድ ዲፓርትመንት ነው! ኮሚቴው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያነብ ምን እንዳለ አስቡት። ማን ከማን እንደሰረቀ ሊያጣራ ጅማ ድረስ አይመጣም።

የድጋፍ ደብዳቤው ደግሞ የባሰ ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ሦስት ይጠይቃል። ሲስተሙ ለመምህራችሁ ሊንክ ይልካል፣ እሱ ራሱ ጽፎ ያስገባል፣ እናንተ አታዩትም። ኤጀንሲው ጓደኛውን «የመምህሮችህን ስም ብቻ ጻፍልን» አለው። ከዚያ በመምህሮቹ ስም ጂሜይል ከፍተው ሊንኩን ለራሳቸው ላኩ፣ ደብዳቤውንም ራሳቸው ጻፉ። ይህ በአማርኛ ፎርጅድ ነው። መምህሮቹ የሰሙት ነገር የለም። እንዲህ ያለው ነገር ሲደረስበት ዩኒቨርሲቲው አድሚሽኑን ይሰርዛል፤ ትምህርት ጀምራችሁም ቢሆን ሊያባርር ይችላል። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ቪዛ ለማግኘት በሐሰተኛ ማስረጃ የተጠቀመን ሰው ለዘለቄታው ከመግባት ሊያግድ ይችላል። ያን ጊዜ «ኤጀንሲው ነው» ብትሉ ማንም አይሰማችሁም፤ ፎርሙ መጨረሻ ላይ «ያቀረብኩት ሁሉ እውነት ነው» የሚለው ፊርማ የእናንተ ነው።

«ኮስት ሼሪንግ ሳትከፍሉ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እናስልካለን» የሚሉም አሉ። ሽሹ። ለማመልከት ብዙ ቦታ የስቱደንት ኮፒው ስካን ይበቃል፤ ኦፊሻሉ የሚጠየቀው ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። ጂአርኢ የሚባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ግዴታ ነው ብለው ኮርስ ሊሸጡላችሁም ይሞክራሉ። ብዙ የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞች ጂአርኢ መጠየቅ ትተዋል፤ የፕሮግራሙን ገጽ ራሳችሁ እዩት። የቶፍልና የአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፣ ስለዚህ አቻኩለው አያስፈትኗችሁ።

ቀሪውን ግማሽ ብር የሚቀበሉበት ዘዴ ደግሞ አለ። አንድ ቀን «እንኳን ደስ አለህ!» ብለው ይደውላሉ። ሌተር መጥቷል። ማኅተም አለው፣ አርማ አለው። ደስታው ሳይበርድ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ፒኤችዲ ይላል ወይስ ማስተርስ? ወጪውን ማን ይችላል? የአበሉ መጠን በቁጥር ተጽፏል? ለጓደኛው የመጣው በራስ ወጪ የሚማሩት ማስተርስ ነበር። የዓመት ክፍያውን አይቶ ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

ከሌተሩ ጋር ጥድፊያ ይመጣል። «እስከ ነገ ካልከፈልክ ቦታህን ሌላ ሰው ይወስደዋል።» አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የፈረሙት ስምምነት አለ፤ ገንዘብ ያለበት የድኅረ ምረቃ ቅበላ የቀረበለት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ አስቦ እንዲመልስ ጊዜ ይሰጠዋል። «የሴቪስ ክፍያ» ብለው ከጠየቋችሁም እወቁ፦ ሴቪስ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚመዘግብበት ሲስተም ነው፤ ክፍያው ለኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) 350 ዶላር ነው፣ የሚከፈለውም አይ-20 የሚባለው ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚልከው ፎርም ከመጣ በኋላ ለአሜሪካ መንግሥት ነው። አይ-20 ሳይኖራችሁ የሴቪስ ብር የሚጠይቅ ሰው ለኪሱ ነው የሚጠይቀው።

ታዲያ ያለ ደላላ ይቻላል ወይ? ይቻላል። የብዙ ፕሮግራሞች መዝጊያ ዲሴምበር መጀመሪያና አጋማሽ ነው፤ ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 ገደማ ማለት ነው። ክረምቱ ላይ ከጀመራችሁ ትደርሳላችሁ። የፕሮፌሰሩን ሁለት የምርምር ጽሁፍ አንብባችሁ፣ የሠራችሁትን በአጭሩ ጽፋችሁ፣ ሲቪ አያይዛችሁ ላኩ። ብዙዎቹ አይመልሱም፤ ኑሮ ነው። ለመምህሮቻችሁ የድጋፍ ደብዳቤውን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ኅዳር ላይ ሁሉም ሰው ስለሚያስቸግራቸው። ቀድመው የወጡ ልጆች ሊንክዲን ላይ አሉ፤ «ከጅማ ነኝ» ስትሏቸው አብዛኞቹ ይመልሳሉ። ኤጁኬሽን ዩኤስኤ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የማማከር አገልግሎትም ለምክር አያስከፍልም።

ብር የከፈላችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ፓስወርዳችሁን ተቀበሉ። የገባውን ድርሰት አውርዳችሁ በዓይናችሁ አንብቡ። የእናንተ ያልሆነ ነገር ካገኛችሁ ዩኒቨርሲቲው ሳይደርስበት ራሳችሁ ጽፋችሁ ማመልከቻውን አንሱ። ስማቸው ለሐሰት ደብዳቤ የዋለ መምህራን ካሉ ሂዳችሁ ንገሯቸው፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ። ውሉን፣ የባንክ ማስተላለፊያውን፣ የቴሌግራም ንግግሩን ሳይጠፋ ስክሪንሾት አድርጉ፣ ለንግድ ጽሕፈት ቤትም አቤት በሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ «መቶ በመቶ» የሚለውን ፖስተር ፎቶ አንስታችሁ ያዙ።

ጂሜይሉ ላይ ፓስወርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም። የመመለሻ ስልክ ቁጥሩንም እዩ። ባልደረባዬ ፓስወርዱን ከቀየረ በኋላም የኤጀንሲው ቁጥር እዚያው ነበር።