ካርቶኑ ላይ ያለውን «1600 ጊዜ» እርሱት፦ የተማሪ ማይክሮስኮፕ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል

በባሕር ዳር ገበያ «ለተማሪ» እየተባለ የሚቀርበው ማይክሮስኮፕ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሥዕል ባሸበረቀ ካርቶን የሚመጣ፣ አካሉ ፕላስቲክ የሆነ፣ «1200 ጊዜ» አንዳንዴም «1600 ጊዜ ያጎላል» የተባለለት ነው። ሁለተኛው ብረት አካል ያለው፣ ከበድ የሚል፣ አንድ ባለ 10 የዓይን ሌንስና ከስላይዱ በኩል የሚሆኑ ሦስት ኦብጀክቲቭ ሌንሶች (ባለ 4፣ ባለ 10፣ ባለ 40) ያሉት፣ 400 ጊዜ ብቻ የሚያጎላ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ወላጅ 1600 የሚለው ቢማርከው አይፈረድበትም። ልጆችን ከሕዋስ ጋር ለማስተዋወቅ የሚረባው ግን ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው በስጦታ ቢመጣ እንኳ የሚያማርር ዕቃ ነው።

በደህናው ማይክሮስኮፕ ላይ ባለ 40 ኦብጀክቲቩ ጎን 40/0.65 ተብሎ ተጽፎበታል። 0.65 የሚለው ሌንሱ ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙ ነው። በ1000 አባዙት፤ 650 ይሆናል። በዚያ ሌንስ ትርጉም ያለው ማጉላት እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ምስሉ ይሰፋል እንጂ አዲስ ነገር አይወጣበትም፤ የደበዘዘ ፎቶን ስልክ ላይ በሁለት ጣት እንደ መለጠጥ ነው። በፕላስቲኩ ሌንስ ላይ ይህ ቁጥር ጭራሽ አይጻፍም። የምስሉ ዳር ቀስተ ደመና ይለብሳል፣ ማዞሪያው ይላላል፣ ጠረጴዛው ሲነካ ያዩት ነገር ይጠፋል። ከብረቱ ጋር ተጨማሪ ባለ 16 የዓይን ሌንስ ከመጣ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ። 640 ያደርሳል፤ ያው ዝርዝር ነው፣ ጨለም ብሎ።

ገንዘብ ከመቁጠር በፊት ሱቁ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ አለ፤ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። በስስ ወረቀት ላይ የታተመ ትንሽ ፊደል ቆርጣችሁ ስላይድ (ናሙና የሚቀመጥበት ስስ መስታወት) ላይ አድርጉና በባለ 4 ሌንስ ምስሉን አጥሩት። ፊደሉ ተገልብጦ ይታያል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ከዚያ ትልቁን ማዞሪያ ሳትነኩ ወደ ባለ 10፣ ቀጥሎም ወደ ባለ 40 አዙሩ። በትንሹ ማዞሪያ ጥቂት ነካ በማድረግ ምስሉ መጥራት አለበት። ሌንስ በተቀየረ ቁጥር እንደገና ከዜሮ ማጥራት ካስፈለገ፣ ወይም መሃል ላይ የነበረው ነጥብ ከዕይታው ፈጽሞ ከወጣ፣ ሌንሶቹ እርስ በርስ አልተስተካከሉምና ሌላ ይምጣላችሁ። ቀጥሎ ምስሉን አጥርታችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት። በራሱ ከደበዘዘ ስላይዱ የሚቀመጥበት ስቴጅ ቀስ እያለ እየወረደ ነው፤ ብዙ ጊዜ የማዞሪያውን ቀለበት በማጥበቅ ይድናል፣ ግን ሻጩ ፊታችሁ ያጥብቀው። የባለ 40 ሌንስ ጫፍ በጣት ገፋ ሲደረግ በስፕሪንግ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ መመለስ አለበት። ከስላይዱ ያለው ርቀት ከ1 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ልጆች መስታወቱን ሲገጩት የሚያድነው ይህ ስፕሪንግ ብቻ ነው። በመጨረሻ የዓይን ሌንሱን ነቅላችሁ ወደ ብርሃን አሳዩት፤ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካለ ሻጋታ ነው፣ አይጠረግም።

የብርሃን ምንጩ መስታወት ወይስ መብራት? መብራት በሚጠፋበት ከተማ ሁለቱም ያለው ይመረጣል። መስታወቱ ወደ ብሩህ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ ይዞራል። ወደ ፀሐይ በጭራሽ፤ በሌንስ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ዓይን ያጠፋል፣ ይህን ለልጆቹ ስላይድ ከመሥራታቸው በፊት መናገር ግድ ነው። በዩኤስቢ ገመድ የሚሠራውን ከፓወር ባንክ ጋር የሚያገናኙ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ድርግም ሲልባቸው ማይክሮስኮፑ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ትንሿ አምፖል የምትስበው ኃይል በጣም ጥቂት በመሆኑ ብዙ ፓወር ባንክ «ምንም አልተሰካብኝም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ጎን ለጎን አንድ ስልክ ቻርጅ ላይ ሰክቶ መተው መፍትሔው ነው።

ከማይክሮስኮፑ ጋር የሚመጡት ተጨማሪ ዕቃዎች የጥቅሉ ደካማ ክፍል ናቸው። «የተዘጋጁ» የሚባሉት የፕላስቲክ ስላይዶች የንብ እግር፣ የዓሣ ቅርፊት፣ የቢራቢሮ ክንፍ ይዘዋል፤ ያምራሉ፣ ሕዋስ ግን አያስተምሩም። የፕላስቲክ መሸፈኛውም ወፍራምና ጎባጣ ስለሆነ ባለ 40 ሌንስ አያጠራበትም። ሌንሱ የተሠራው 0.17 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ስስ የመስታወት መሸፈኛ፣ ለከቨር ስሊፕ ነው። ስለዚህ 50 ባዶ የመስታወት ስላይድና 100 ከቨር ስሊፕ ለብቻ ግዙ። አብሮ የሚሸጠው ባለ ቀለም የሕዋስ ሞዴል መጥፎ አይደለም፤ ጣጣው ልጆቹ በማይክሮስኮፕ ውስጥ ብርቱካናማ ማይቶኮንድሪያና ሮዝ ኑክሊየስ መፈለጋቸው ነው። ማይቶኮንድሪያ ውፍረቱ ከ1 ማይክሮሜትር አያልፍም፣ ቀለምም የለውም፤ በዚህ መሣሪያ አይታይም። ራይቦዞም ጭራሽ አይታሰብም። ኑክሊየስ፣ ሳይቶፕላዝም፣ የሕዋስ ግድግዳ፣ ክሎሮፕላስት (አረንጓዴው ክፍል) እና ቫኩዩል (በፈሳሽ የተሞላው ከረጢት) ግን ያለጥርጥር ይታያሉ፤ ለዚህ ክፍል ደግሞ ይበቃል።

ማይክሮስኮፑ ብቃቱን የሚያሳየው በቀይ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱን ለአራት ክፈሉና ከውጭ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ያለውን ወፍራም ገላ ውሰዱ። ደረቁን ልጣጭ ተዉት፤ ሕዋሶቹ ሞተዋል፣ ኑክሊየስ አይገኝባቸውም። ገላውን ሰበር ስታደርጉት በውስጠኛው፣ በጎድጓዳው በኩል ስስ ላስቲክ የመሰለ ቆዳ ይላጣል። 5 ሚሊሜትር ያህል በምላጭ ቁረጡና ስላይዱ ላይ በተንጠባጠበ አንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ ሳይታጠፍ ዘርጉት። ማቅለሚያው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ለቁስል የሚሆን 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ነው፤ 1 ጠብታውን በ9 ጠብታ ውሃ አቅጥኑት። ሳይቀጥን ከተጨመረ ሁሉ ነገር ቡናማ ሆኖ ኑክሊየሱ ይሰወራል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቆዩ። ከቨር ስሊፑን በአንድ ጠርዙ አስደግፋችሁ፣ በ45 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ፣ በወረንጦ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት፤ የተረፈውን ውሃ በሶፍት ጠርዝ ምጠጡ።

ከቨር ስሊፑ እንደ ክዳን ዱብ ከተደረገ አየር ይታሰራል። ያኔ ልጆች ደብተራቸው ላይ የሚስሉት ክብ፣ ዳሩ ወፍራምና ጥቁር የሆነ ነገር ሕዋስ ሳይሆን የአየር አረፋ ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ የሚደጋገመው ስሕተት ይህ ነው፤ መምህሩ ስላይዱን ሳያይ ሥዕሉን «ትክክል» ብሎ ያልፈዋል። ሁለተኛው ስሕተት ብርሃንን አብዝቶ መክፈት ነው። ዲያፍራም የሚባለው የብርሃን መቆጣጠሪያ ቀዳዳ ጠበብ ካልተደረገ ግልጽ የሆነው ሕዋስ በብርሃኑ ይዋጣል። ዕይታው ውስጥ ነጥብ ካስቸገረ የዓይን ሌንሱን አዙሩት፤ ነጥቡ አብሮ ከዞረ ቆሻሻው የዓይን ሌንሱ ላይ ነው።

የሽንኩርት ሕዋስ ትልቅ ስለሆነ ለመለካትም ይመቻል። የዓይን ሌንሱ ላይ 18 የሚል ቁጥር ካለ በባለ 10 ኦብጀክቲቭ የሚታየው ክብ ስፋቱ 1.8 ሚሊሜትር ነው። በርዝመታቸው 6 ሕዋሶች ተሰልፈው ዳር ከዳር ከሞሉት የአንዱ ርዝመት 0.3 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ለ7ኛ ክፍል ልጅ ይህ ማካፈል ብቻ ነው።

የእኛው ሽንኩርት ስሙ ቀይ ይሁን እንጂ መልኩ ሐምራዊ መሆኑ ሌላ በረከት አለው። ይህን ጊዜ ቆዳውን ከውጨኛው፣ ከጎበጠው በኩል ላጡና ያለ ምንም ማቅለሚያ በውሃ ብቻ እዩት። ሐምራዊው ቀለም ያለው ቫኩዩሉ ውስጥ ስለሆነ ሕዋሱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይታያል። ከዚያ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙና ከከቨር ስሊፑ በአንዱ ጠርዝ አንድ ሁለት ጠብታ አድርጉ፤ በሌላው ጠርዝ በሶፍት ሳቡት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሐምራዊው ይኮማተርና ከግድግዳው ይላቀቃል። ውፍረቱ ወደ 10 ናኖሜትር የሚጠጋው የሕዋስ ሽፋን ራሱ በዚህ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ የት እንዳለ ግን በዚያ በተኮማተረው ጠርዝ ይታወቃል። «ግድግዳና ሽፋን ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ቶሎ ንጹሕ ውሃ ከተመለሰለት እንደገና ይነፋል፤ ብዙ ከቆየ ሕዋሱ ይሞታል።

ለእንስሳ ሕዋስ የጉንጭ ውስጠኛ ቆዳ በስቴኪኒ ድፍን ጎን ቀስ ተብሎ ይፋቅና ስላይድ ላይ ይቀባል። ሲደርቅ በ10 እጥፍ ውሃ የቀጠነ ጄንሺያን ቫዮሌት ለ1 ደቂቃ ይደረግበትና በዝግታ ይታጠባል። ሕዋሱ 0.06 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በባለ 4 ሌንስ ነጠብጣብ ብቻ ነው፤ ልጆች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ነው፣ ወደ ባለ 40 ይሂዱ። አንድ ስቴኪኒ ለአንድ ልጅ ብቻ፤ ያገለገለው ሁሉ በ10 እጥፍ በቀጠነ በረኪና ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይዘፈዘፋል።

ለክሎሮፕላስትና ሕይወት ላለው ሕዋስ ጣና ከማንኛውም የስላይድ ሳጥን ይበልጣል። ዳር ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ክር የመሰለ አልጌ በአንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ ሳይቀለም ይታያል፤ ዕድል ከቀናም ክሎሮፕላስቱ እንደ ሪባን የተጠማዘዘበት ስፓይሮጋይራ ይገኝበታል። የደንገል ግንድ በአዲስ ምላጭ ብርሃን እስኪያሳልፍ ስስ ሆኖ ሲቆረጥ መሃሉ በአየር ክፍተት የተሞላ መሆኑ ይታያል፤ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ የሚንሳፈፍበት ምሥጢር ያ ነው። የእምቦጭ እጀታ ያበጠውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ቁራጩን በደንብ ያየ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎችንም ያገኛል። እምቦጭ ከተወሰደ ግን ቅጠሉና እጀታው ብቻ፤ ሥሩና አበባው ወደ ሌላ ውሃ እንዳይዛመት። ፈጣን ፍጥረቶች ከዕይታው እየሸሹ ካስቸገሩ ጥቂት የጥጥ ክር ጠብታው ውስጥ ማድረግ እንደ በረት ያግዳቸዋል።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛው በቆዳ በኩል ስለሚገባ ልጆች ናሙና ብለው ውሃ ውስጥ መግባት የለባቸውም። ጠርሙስ በረጅም እንጨት ታስሮ አዋቂ ይቅዳ፣ ጓንት ይደረግ፣ ውሃውም ለ2 ቀን ከቆየ በኋላ ይነካ፤ የቢልሃርዚያው እጭ ከዚያ በላይ አይኖርም።

ሌሎቹን አማራጮች ባጭሩ። «1000 ጊዜ» እየተባለ የሚሸጠው በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ትንሽ ካሜራ የነፍሳት ገጽታና የጨርቅ ክር ለማየት ነው፤ ለኑክሊየስ አይሆንም። ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የወረቀት ማይክሮስኮፕ፣ ፎልድስኮፕ፣ 140 ጊዜ ያጎላል፤ ሐይቅ ዳር ይዞ ለመውጣት እንከን የለውም፣ ለ60 ተማሪ ክፍል ግን ዓይንን እያጨነቆሩ ማየት ያደክማል። ብረቱም ቢሆን አንድ ብቻ ከሆነ ወረፋው ክፍለ ጊዜውን ይበላዋል። ስልክ ከዓይን ሌንሱ 1 ሴንቲሜትር ያህል አርቆ በመያዝ ፎቶ ማንሳትና ማሳየት ይቻላል፤ ስልክ መያዣ ቅንፍ ከተገኘ እጅ አይንቀጠቀጥም።

ክረምት ሲገባ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው እርጥበት ይህን ዕቃ የሚገድለው ሻጋታ ነው። በላስቲክ ጠቅልሎ የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ መተው ሻጋታን መጋበዝ ነው፤ አየር በሚያገኝበት መደርደሪያ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ካርቶን ውስጥ ማቆየት ግድ ከሆነ አብሮት የመጣው ትንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢት አብሮት ይኑር። ሻጩ ዕቃውን ሲያሳይ እሷን «ቆሻሻ ነው» ብሎ ሊጥላት ሲል አስቁሙት።