«ተዉት» ያልኩት ስም፦ የሁለት ኮምፒውተር ቤቶች ምዘና ከደሴ

ረመዳን ሊገባ ሰሞን አንዲት እናት ደወሉልኝ። በ2010 የልጃቸውን ኒካህ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ «አንተ ልጅ፣ ፎቶ ቤቱን ትተህ ቁማር ቤት ከፈትክ አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። ልጅቷ ያለችው ጅዳ ነው። አልበሟን ለጎረቤት ስታሳይ፣ ጀርባው ላይ በወርቅ ቀለም የታተመውን አድራሻ በስልኳ ጽፋ ብትከፍተው የሚሽከረከር ጎማና የሚረግፍ ሳንቲም ወጣባት። ከላይ የፎቶ ቤቴ ስም አለ። ከሥሩ እኔው ያነሳሁት የጦሳ ተራራ። ከጦሳ ሥር «አሁኑኑ ተመዝግበው ይጫወቱ» ይላል፣ በእንግሊዝኛ።

«ያ ረቢ! እኔማ አንተን አውቅሃለሁ ብዬ ተከራከርኩልህ» አሉኝ እናቲቱ። ወላሂ፣ ከቁማሩ ይልቅ ያቺ «ተከራከርኩልህ» ናት ያሸማቀቀችኝ።

ወደ ምዘናው ልግባ። የምመዝነው ሁለት አገልግሎት ነው፤ የዌብሳይቱን ስም ያወጣልኝን ኮምፒውተር ቤትና፣ ስሙ ካመለጠ በኋላ የደረሰልኝን ሌላውን። ሁለቱም ደሴ ናቸው። የመጀመሪያውን ስሙን አልጠራም፤ ጎረቤት ነን፣ ለቅሶ እንደራረሳለን። ሁለተኛው ደግሞ ሰሌዳም የለው።

የመጀመሪያው ጋ የሄድኩት በ2008 ነው። ስሙንም፣ ማስቀመጫ ቦታውንም፣ ሥራውንም ጠቅልለው ይዘውልኝ፣ ከዚያ በየዓመቱ ማደሻ እከፍላለሁ። ሥራቸው ጥሩ ነበር፤ ሐቁን ልናገር። ፎቶው ቶሎ ይከፈታል፣ በስልክም ያምራል። የላሊበላን ገና አንስቼ የጫንኩት ጊዜ አስጎብኚዎችና ሆቴሎች ወደዛ ገጽ የሚወስድ ሊንክ በየገጻቸው አስቀመጡ። ያኔ በኩራት ደረቴን ነፋሁ። ያ ሊንክ በኋላ ለሌላ ሰው ገበያ እንደሚሆን ማን ነግሮኝ!

2014ን የደሴ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ከተማዋ በጦርነቱ እጅ ስትቀያየር እኔ ቤተሰቤን ይዤ ወጥቼ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስመለስ ፎቶ ቤቱ በሩ ተገንጥሏል፤ ኮምፒውተሩም፣ ካሜራውም፣ ሃርድ ዲስኩም የለም። ጥር ላይ ከኮምፒውተር ቤቱ ተደወለ፤ «የስሙ ዓመት ደርሷል፣ እናድሰው?» ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው ያነሳሁት። «ተዉት» አልኩ። «እሺ ጋሼ» አለ ልጁ፣ ዘጋው። አለቀ።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ እንዲተውልኝ አልፈለግኩም። ግን አንድ የዶሜይን (የዌብሳይት ስም) ሻጭ «ጋሼ፣ ከተዉት ሌላ ሰው ያነሳዋል፤ በዚህ ስም የተከፈተ ኢሜይል አለዎት? አልበም ላይ አሳትመዋል?» ብሎ መጠየቅ ምን ያስከፍለዋል? ስም ሲያወጡልኝ ሻይ አፍልተው ያስረዱኝ ሰዎች፣ ስሙን ስጥል ግን በሁለት ቃል ሸኙኝ።

ሁለተኛውን ያገኘሁት እናቲቱ ከደወሉ በማግስቱ ነው። ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ጄነሬተር። ልጁ ሃያዎቹ ውስጥ ነው። ጉዳዬን ነግሬው ሳልጨርስ «ስሙን ሰርቀውብኝ» አልኩ። ከስክሪኑ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ አልሰረቁዎትም። እርስዎ ጥለውት ነው ያነሱት» አለኝ። እዚያው ላይ ወደድኩት።

ከዚያ በወረቀት ጀርባ እየጻፈ አስረዳኝ። የዶት ኮም ስሞችን ዋና መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሻጮቹ የሚተዳደሩበትን ደንብ የሚያወጣው አይካን (ICANN) የሚባል፣ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብር ድርጅት ነው። እንደ ደንቡ ሻጩ ዓመቱ ከመሙላቱ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ ካለፈ በኋላም በ5 ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ማስታወቂያ መላክ አለበት። ሳይታደስ ካለፈ ሻጩ እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል። መዝገቡ ላይ ከተሰረዘ በኋላም የ30 ቀን ማስመለሻ አለው፤ ያኔ ቅጣቱ ከማደሻው ብዙ እጥፍ ነው። በመጨረሻ 5 ቀን ማንም ሳይነካው ይቆይና ይለቀቃል። «ሲለቀቅ ደግሞ» አለኝ፣ «ሰው አይደለም የሚጠብቀው፣ ማሽን ነው። ብዙ ሊንክ ያለውን ስም በሰከንድ ይለቅመዋል።»

ታዲያ ማስታወቂያው ለምን አልደረሰኝም? ልጁ የስሙን አሮጌ መረጃ ሲፈልግ አንድ ኢሜይል ተገኘ፤ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ቤት ኢሜይል። ስሙ ስድስት ዓመት ሙሉ የተመዘገበው በእነሱ ነበር። እኔ ከፋይ እንጂ ባለቤት አልነበርኩም ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ትንሽ ዝም አልኩ። ክፋት ነበር አልልም፤ ለሁሉም ደንበኛ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ ይቀላልና። ግን ቤት ተከራይቼ ካርታው የኔ መስሎኝ እንደኖርኩ ነው የቆጠርኩት።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ለበጎ ነበር የምሰማው። የኔው ሳይቀበር ቁማር ቤት ተቀጠረ።

ልጁ ቀጥሎ የጠየቀኝ ላቤን አመጣው። «በዚያ ስም ኢሜይል ነበረዎት?» ነበረኝ። ደረሰኝ ላይ የማሳትመው እሱን ነበር። «የፌስቡክ ገጽዎን ሲከፍቱ ማስመለሻ ብለው የሰጡት ኢሜይልስ?» እሱኑ። ላፕቶፑን ወደኔ አዙሮ «አሁኑኑ ይቀይሩት» አለኝ። ነገሩ የፖስታ ሳጥን ነው፤ ቁልፉን ስትመልስ ሳጥኑ ለሌላ ይሰጣል፣ በቁጥሩ የሚመጣው ደብዳቤም ለአዲሱ ባለ ቁልፍ ነው። አዲሱ ባለቤት «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ብሎ ቢጫን፣ መልሱ በቀጥታ እሱ ጋ ይደርስ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ እስካሁን አልሞከረም። በአሥር ደቂቃ ቀየርነው። ለዚህ ሥራ ብር አልተቀበለኝም፤ ቡና ብቻ ጠጣን።

ስሙን ማስመለስ ይቻላል ወይ? ጠየቅኩ፤ እልህ ይዞኝ ነበር። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዶሜይን ስም ጠብ የሚያገለግል የሙግት ሥርዓት አለ። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ጋ በአንድ ዳኛ ለማየት ክፍያው 1,500 ዶላር ነው። ደግሞ ስሙ የንግድ ምልክቴ መሆኑን፣ ሰውየው በስሙ ላይ መብት እንደሌለውና በክፉ ልብ መዝግቦ እንደሚጠቀምበት ማስረዳት አለብኝ። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ማስመዝገብ እችል ነበር፤ አላስመዘገብኩም። በዚያ ላይ ደግሞ «ተዉት» ያልኩት እኔው ነኝ። በ1,500 ዶላር ካሜራ ይገዛል፤ ተውኩት፣ አሁን አውቄ።

ጉግል በ2016 ባወጣው ደንብ፣ ያለፈበት ስም ገዝቶ በድሮው ዝና ፍለጋ ላይ ከፍ ለማለት መሞከርን እንደ ማጭበርበር ቆጥሮታል። ልጁ የማመልከቻውን ቅጽ ሞላልኝ። መልስ አልጠብቅም።

ያላሰብኩት ሲሳይ ግን ነበረ። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዌብሳይቶችን ቅጂ የሚያስቀምጥ ድርጅት አለ። ልጁ የድሮ አድራሻዬን አስገባና ቀን መምረጥ ጀመረ። 2018 እ.ኤ.አ. ላይ ሲጫን የኔ ገጽ መጣ፤ እንደነበረው፣ ሰማያዊ ርዕሱ፣ ስልኬ፣ «ከእግዚአብሔር ጋር እንሠራለን» የምትለዋ መስመር ሳትቀር። በ2014 ከሃርድ ዲስኩ ጋር የጠፉ ሥዕሎች ነበሩበት፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ጠዋት፣ የሰኞ ገበያ በርበሬ፣ የኮምቦልቻ ባቡር መስመር ሥራ። አንድ በአንድ አወረድናቸው፤ ማታ ድረስ ቆየን። መብራት ጠፍቶ ጄነሬተሩ ሁለቴ ተነሳ። ለዚህ 1,500 ብር ከፈልኩ። ሦስት ሺህ ቢለኝም እከፍል ነበር፤ ይህን ሲያነብ ዋጋ እንዳይጨምር።

አዲስ ስም አወጣልኝ። ባለቤቱ እኔ፣ ኢሜይሉ የኔ፣ ስልኩ የኔ፤ የይለፍ ቃሉን በእጄ ጽፌ ያዝኩ። «እኔ ብሞት፣ እኔ ብሰደድ፣ ስምዎ አይሞትም» አለኝ ሲያስረክበኝ። በዓመት 2,600 ብር፣ በቴሌብር። ቬሪሳይን ከመስከረም 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ዶት ኮም ከሻጮች የሚቀበለው 10 ዶላር ከ26 ሳንቲም ነው፤ ስለዚህ ልጁ እንደሚያተርፍ አውቃለሁ። ግን የውጭ ካርድ ያለው እሱ ነው፣ ካርዱ ለኛ ዓይነቱ ሰው የአየር መንገድ ያህል ሩቅ ነው። አልከራከርም።

እንከን የለውም ወይ? አለው እንጂ። ሰኞ አይገኝም፤ ስልክም አያነሳም። ደረሰኝ የሚሰጠው ተለምኖ ነው። ከሰዓት በፊት ከሄዳችሁ በሩ ዝግ ነው፣ ጎረቤቱ ያለችው ሻይ የምትሸጥ ልጅ «አብሽሩ፣ ይመጣል» ትላችኋለች፤ መቼ እንደሚመጣ ግን እሷም አታውቅ። ማስታወቂያውንም የሚልከው በቴሌግራም ነው፤ ቴሌግራም የሌላቸው ሽማግሌ ነጋዴዎች ምን እንደሚሆኑ እንጃ። ያም ሆኖ ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት፤ ሁለቱም ለፎቶው ፍጥነት።

የቀረኝ አልበሙ ነው። ከ2008 እስከ 2014 ባለው ከሦስት መቶ በላይ አልበም ጀርባ ላይ ያ አድራሻ በወርቅ ታትሟል። ወርቁ ደግሞ የጥሩ ማተሚያ ቤት ሥራ ነውና አይፋቅም። አዲሱን አድራሻ የያዘ ስቲከር አሳተምኩ። እናቲቱ ቤት ሄጄ የመጀመሪያውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቼ፣ ልጅቷ ከጅዳ በቪዲዮ እያየችን። «ጠማማ ለጠፍከው» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፣ ትንሽ ዘሟል።

በእነዚያ ዓመታት እኔ ጋ የተነሳችሁ ሁሉ አልበማችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ስቲከሩ በነጻ ነው። እስከዚያው ጀርባውን አትክፈቱ፣ ፊቱን ብቻ።