ሐዋሳ ለማደር፦ ፔንሲዮን ወይስ የቀን ኪራይ ቤት?

ብቻውን መጥቶ አንድ ሌሊት ለሚያድር ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ፔንሲዮን ይግባ። ክፍሉን አይቶ፣ ከፍሎ፣ ቁልፉን ይቀበላል። ካልተመቸው ብዙ ሳይርቅ ሌላ ያገኛል።

ሦስት አራት ሆናችሁ፣ በተለይ ልጆች ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን በቀን የሚከራይ፣ ዕቃ የተሟላለት ቤት ያዋጣል ባይ ነኝ። ኪራዩን ትካፈላላችሁ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ወጥ ቤቱ ነው። ለቤተሰብ የጉዞ በጀትን የሚጨርሰው አልጋ ሳይሆን በየቀኑ ሦስቴ ውጭ መብላት ነው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳችሁ ትኩስ ዓሣ ግዙ፤ እዚያው አስጠርጉትና ቤት ጥበሱት። ሻዩም ቁርሱም ከቤት ይሆናል።

ታዲያ ቤት በፎቶ ብቻ አይታመንም። ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ውሃ ሲጠፋ ታንከር አለው? ሲሊንደሩ ጋዝ አለው ወይስ እናንተ ልታስሞሉ ነው? የደላላውን ኮሚሽን የሚከፍለው ማን ነው? አልጋዎቹ አጎበር አላቸው? ይህችን እንዳትረሱ፤ ሐይቁ ዳር ትንኝ አለ፣ ወባም አይናቅም። ሰፈሩንም አጣሩ። ከከተማው ዳር ያለ ርካሽ ቤት ያተረፈላችሁን ብር ባጃጅ ይወስደዋል።

ፔንሲዮን እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለውም፤ ማብሰያ ግን አትጠብቁ።

ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጫምባላላ ወይም ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ለገብርኤል የምትመጡ ከሆነ፣ ፔንሲዮንም ሆነ ቤት አስቀድማችሁ ያዙ። ከተማው ይሞላል፤ ዋጋውም ይወጣል።