ለአውቶቡስ ቅድሚያ፦ በባሕር ዳር መንገድ የትኛው ያዋጣል?

የከተማ አውቶቡስን ከሌላው ተሽከርካሪ ያስቀድማሉ ተብለው የሚቀርቡት ነገሮች ብዙ ናቸው፦ የቀለም መስመር፣ የኮንክሪት ወይም የጎማ ማካፈያ፣ መገናኛ ላይ ከሰልፍ የሚያሳልፍ አጭር መንገድ፣ አውቶቡስ ሲመጣ አረንጓዴውን የሚያራዝም መብራት፣ ከመንገዱ ሳይወጣ የሚቆምበት ፌርማታ። በወሬ ሁሉም «የአውቶቡስ መስመር» ይባላሉ፤ ዋጋቸውና ጥቅማቸው ግን አይገናኝም። እዚህ የመዘንናቸው ለባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ አደባባይ ይበዛባታል፣ ብስክሌት ትልቅም ትንሽም ይነዳል፣ ባጃጅ እጅ በተነሳበት ሁሉ ይቆማል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናቡ አስፋልቱን እያጠበ ይከርማል።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ኪሎ ሜትር መቁጠሩ ይቅር፤ መገናኛው ከመድረሱ በፊት ያለው መቶ፣ መቶ ሃምሳ ሜትርና ፌርማታው ይሠራ። አውቶቡስ ጊዜ የሚበላበት ቦታ የታወቀ ነው፦ መገናኛ ላይ ሲሰለፍ፣ ፌርማታ ላይ ሰው ሲያወርድና ሲጭን፣ ከፌርማታ ወጥቶ መንገድ ሲለምን። በመካከል ያለው መንገድ ክፍት ከሆነ እዚያ ለብቻው መስመር መስጠት ለጠገበ ሰው እንጀራ ማቅረብ ነው።

በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ እንይ። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት አለው፤ በየአቅጣጫው ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል፣ ለእግረኛና ለብስክሌትም ቦታ ተትቶለታል። «የአውቶቡስ መስመር ይቀባ» ቢባል መጀመሪያ ዓይን የሚገባው እሱ ነው፤ ፎቶውም ያምራል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰፊ ድልድይ ራሱ ተሽከርካሪ አይዝም፤ የሚይዘው ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው መገናኛ ነው። መስመሩ ድልድዩ ላይ ጀምሮ ድልድዩ ላይ ካለቀ አውቶቡሱ በነፃነት ይበርና ሰልፉ ጭራ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ መስመሩ ሰልፉ ጭራውን ከሚጥልበት ቦታ ቀደም ብሎ መጀመር፣ አውቶቡሱንም መገናኛው አፍ ድረስ ማድረስ አለበት። የቀረው ጌጥ ነው።

ከርካሹ እንጀምር፤ ቀለም። ተራው የመንገድ ቀለም በየቀኑ የአውቶቡስ ጎማ በሚሄድበት ቦታ ላይ ክረምትና በጋ አይዘልቅም። የሚመረጠው ቴርሞፕላስቲክ ነው፤ በ180 እና በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ቀልጦ፣ እስከ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ይፈስሳል፤ ሳይደርቅ በላዩ ላይ የመስታወት ብናኝ ይነሰነሳል። ማታ በመኪና መብራት የሚያንጸባርቀው ብናኙ ስለሆነ ሠራተኛው ዘግይቶ ከነሰነሰው መስመሩ ቀን ይታያል፣ ማታ ይጠፋል። አስፋልቱ እርጥብ ወይም አቧራማ ከሆነ ቀለሙ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ቅርፊት ይነሳል፤ ገና የተነጠፈ አስፋልት ላይም ቅባቱ እስኪወጣለት ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። በባሕር ዳር እንግዲህ ሥራው ከጥቅምት ወዲህ ነው። በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው ተብሎ በሰኔ የሚቀባ መስመር ገንዘብን ጣና ውስጥ መጣል ነው።

የሚቀባው ጭረት ስፋት ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ከተራው ጭረት እጥፍ ያህል ካልሰፋ ሹፌር ልዩነቱን አያነበውም። «አውቶቡስ» የሚለው ጽሑፍ ከእያንዳንዱ መገናኛ መውጫ ላይ ይደገም፤ ከጎን መንገድ የገባው ሰው የመጀመሪያውን አላየውምና። ሹፌር የሚያየው ከዝቅታና ከሩቅ ስለሆነ ፊደሎቹ ወደ ላይ ተጎትተው ይረዝማሉ። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል የራሱ ጣጣ አለው፦ ሲጎተት የቁም መስመሩ ጎልቶ ይቀራል፤ አግድሙ፣ ማለትም የ«ው» ወገብና የ«ቶ» ክንፍ፣ ከሩቅ ሲታይ ቀጥኖ ይጠፋል። ስለዚህ አግድም ጭረቶቹ ከቁሞቹ ወፍረው መቀባት አለባቸው፤ አለበለዚያ ከሃምሳ ሜትር ላይ የሚነበበው የዘንግ ሰልፍ ነው።

ቀለም ሲጠቃለል ምልክት እንጂ አጥር አይደለም። ትራፊክ ፖሊስ ወይም ካሜራ ካልጠበቀው በሁለተኛው ሳምንት አንድ አይሱዙ ሲሚንቶ ሲያራግፍ ታገኙታላችሁ።

ማካፈያው አጥር ነው፤ ጣጣውም የአጥር ነው። ሌጎስ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 22 ኪሎ ሜትር የአውቶቡስ መንገዷን ስትከፍት አብዛኛውን በኮንክሪት ከርብስቶን ለየች፣ ከፊሉን በቀለም ብቻ፣ ጠባብ በሆነበት ደግሞ ከሌላው ጋር ቀላቀለች። ከቅንጦት ይልቅ ያለውን መንገድ መጠቀም መምረጧ ለእኛ የሚስማማ ትምህርት ነው፤ መሐል ለመሐል ትላልቅ ጣቢያ ሠርታ በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016 ሥራ ከጀመረችው የዳሬሰላም መንገድ ይልቅ የሌጎስ ወደ ባሕር ዳር አቅም ይቀርባል። ማካፈያው ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍታ ካለው መኪና ያለማመንታት አይወጣበትም። ወጥ ሆኖ ከተሠራ ግን ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ዝናቡ ወደ ዳር ቱቦ የሚወርድበትን መንገድ ይዘጋል፤ ውሃው መሐል አስፋልት ላይ ይተኛል። ሁለተኛ፣ አንድ አውቶቡስ ሲበላሽ የተከተሉት ሁሉ ታፍነው ይቀራሉ። መድኃኒቱ በየጥቂት ሜትሩ ክፍተት መተውና በአውቶቡሱ በኩል ያለውን ጎን ተዳፋት ማድረግ ነው፤ ሹፌሩ ሲጨንቀው ይወጣበታል፣ አምቡላንስም ያልፋል። የጎማው ዓይነት በቡሎን ስለሚታሰር ለመትከል ፈጣን ነው፤ አስፋልቱ የላላ ከሆነ ግን የከባድ መኪና ጎማ ሲመታው ቡሎኑን ከነሥሩ ይዞ ይነሳል። ቡሎኑ ብቻውን የቀረበት ቦታ ለብስክሌት ጎማ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያሻም።

ብስክሌት ካልን፣ በባሕር ዳር መስመሩ የሚሳካውም የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው። የከተማ አውቶቡስ 12 ሜትር ርዝመትና 2.5 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ መስታወቶቹ ሲጨመሩ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል። መስመሩ ከ3 እስከ 3.2 ሜትር ከሆነ ሹፌሩ ብስክሌተኛውን እዚያው ውስጥ ማለፍ እንደማይችል ያውቃል፤ ከኋላው ቀስ ብሎ ይሄዳል ወይም መስመሩን ለቅቆ ወጥቶ ያልፋል። 4.5 ሜትር ከሆነ ሁለቱም ይበቃቸዋል። አደጋው በመካከሉ ያለው ነው፤ 3.5 ወይም 3.7 ሜትር ሲሆን ሹፌሩ «ታልፈኛለች» ይላል፣ አታልፍም። የእንግሊዝ የብስክሌት መንገድ መመሪያ ከ3.2 እስከ 3.9 ሜትር ያለውን ስፋት አስወግዱ የሚለው ለዚህ ነው። የሚያሳዝነው፣ አንድ ተራ የመኪና መስመር ተወስዶ ለአውቶቡስ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስፋት ይኸው 3.5 ሜትር ነው።

ጠባቡ መስመር በማካፈያ ከታጠረና ብስክሌትም እዚያው ከገባ አውቶቡሱ የሚሄደው በብስክሌት ፍጥነት፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቅድሚያው የት አለ? ዘንባባ የተተከለባቸውን ሰፋፊ ጎዳናዎች ይዞ ለብስክሌት የብቻ መንገድ አለመስጠት ደግሞ ስንፍና ነው። ምክራችን ግልጽ ነው፦ ብስክሌቱ በእግረኛ መንገዱ በኩል የራሱን ያግኝ፣ ፌርማታ ሲደርስም ከመጠለያው ጀርባ ዞሮ ይለፍ፤ ከፊት ለፊቱ ካለፈ ከአውቶቡስ ከወረደ ሰው ጋር ይላተማል።

አደባባይ ላይ እንምጣ። አንድ መኪና በሰልፍ ቆሞ ከ6 እስከ 7 ሜትር ይይዛል፤ ጠዋት 15 መኪና የሚሰለፍ ከሆነ ሰልፉ 100 ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ የአውቶቡሱ መሹለኪያ ከ120 ሜትር በታች ከሆነ አፉ በሰልፉ ጭራ ይዘጋል። የሚለካው በተራ ቀን ሳይሆን ሰልፉ በከፋበት ሰዓት ነው። ወደ ግራ የሚዞር አውቶቡስ ካለ መስመሩ አደባባዩ አፍ ድረስ አይሂድ፤ ከ20 እስከ 30 ሜትር ቀደም ብሎ ይለቅቀው፣ ሹፌሩ ቦታውን ይያዝ። ወደ ቀኝ ለሚታጠፉ መኪኖች ደግሞ የመጨረሻው 30 ሜትር የተቆራረጠ መስመር ይሁን፤ ካልተፈቀደላቸው ከመሐል መስመር ተወርውረው በአውቶቡሱ አፍንጫ ላይ ይታጠፋሉ።

መብራት ባለበት መገናኛ ስሌቱ ሌላ ነው። በአንድ መስመር በሁለት ሰከንድ አንድ መኪና ያልፋል ብንል 30 ሰከንድ አረንጓዴ 15 መኪና ያሳልፋል፣ ይህም ቅድም ያልነው 100 ሜትር ነው። የአውቶቡሱ መስመር ከመብራቱ ያን ያህል ቀደም ብሎ ቢያልቅ ባዶውን ቦታ ሌሎች ይሞሉታል፤ መገናኛው የሚያሳልፈው መኪና ሳይቀንስ አውቶቡሱም በመጀመሪያው አረንጓዴ ያልፋል። ሹፌሮች ሳይማረሩ አውቶቡስን ማስቀደም የሚቻልበት ዘዴ ይህ ነው፤ ዋጋው ከቀለም አይበልጥም።

አውቶቡስ አይቶ የሚያራዝመው መብራት ግን ለአሁኑ የመጨረሻ ግዢ ነው። አውቶቡሱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ከመጣ በሰከንድ 10 ሜትር ይጓዛል፤ መሣሪያው 100 ሜትር ላይ ካየው መብራቱ 10 ሰከንድ ይጨምርለታል። ፌርማታው ከመብራቱ በፊት ከሆነ ግን ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል፦ መብራቱ አረንጓዴውን ይዞ ይጠብቃል፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ ያስገባል፣ አረንጓዴው ያልቃል፣ አውቶቡሱ ሲነሳ ቀይ። መጀመሪያ ፌርማታውን ከመብራቱ ማዶ አሻግሩት። ነባሩን የመብራት ሰዓት ማስተካከል ደግሞ ምንም ዕቃ አይፈልግም።

ስለ ፌርማታ ያለን ሐሳብ ብዙዎችን አያስደስትም፤ ገባ ብሎ የተሠራውን መቆሚያ አንወድም። ለ12 ሜትር አውቶቡስ ከመግቢያና መውጫው ጋር ከ40 ሜትር በላይ ይበላል፤ ከርብስቶኑን ሳይጠጋ ወጣ ብሎ ይቆማል፤ ሲወጣ ማንም አያሳልፈውም፤ ባዶ ሲሆን የባጃጅ ተራ ይሆናል። ፍጥነት በሚበዛበት የከተማ መውጫ ይሁን፤ መሐል ከተማ ግን ተቃራኒው ይሻላል። የእግረኛ መንገዱ በመኪና ማቆሚያው ስፋት፣ ወደ 2 ሜትር፣ ወደ ፊት ይውጣና አውቶቡሱ መስመሩን ሳይለቅ ይጠጋው። ከርብስቶኑ ከ16 እስከ 18 ሴንቲሜትር ከፍ ካለ አሮጊቷም ዘንቢል የያዘችውም ሳይጎተቱ ይወጣሉ። የሚቆምበት ወለል አስፋልት አይሁን፤ ከባድ ጎማ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ፍሬን ሲይዝ አስፋልቱ እንደ ሊጥ ይገፋል፣ ከሥሩ ዋልካ ካለ ደግሞ ይባስ። ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይፍሰስ።

ማን ይግባ? ክርክሩ የሚበዛው እዚህ ነው። በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ቢመጣ በሰዓት 6 ነው፤ እያንዳንዱ 70 ሰው ቢይዝ 420 ሰው። አንድ ተራ መስመር በቤት መኪና ብቻ በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋልና ባዶውን መስመር የሚያይ ሹፌር ቢማረር አይፈረድበትም፤ ይገባበታልም። አውቶቡሱ እስኪበዛ ሚኒባስ ታክሲው ይግባ እንላለን። 12 ሰው የሚይዝ 60 ሚኒባስ በሰዓት 720 ሰው ይጨምራል። ነገር ግን በታፔላ በተለየ ቦታ ብቻ ያውርድ፤ «ወራጅ አለ» በተባለ ቁጥር የሚቆም ከሆነ መስመሩ የታክሲ ሰልፍ ይሆናል። ባጃጅ አይግባ። ሦስት ሰው ይዞ በየሃምሳ ሜትሩ የሚቆም ነገር ከኋላው 70 ሰው ማስጠበቅ የለበትም። በምትኩ ከፌርማታው ቀጥሎ ባለው የጎን መንገድ አፍ ላይ ተራ ይሰጠው፤ ቦታ ሳያዘጋጁ መከልከል በየቀኑ መጣላት ነው።

ሒሳቡን ለሚጠይቅ አስተዳዳሪ፦ ደርሶ መልስ 80 ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ በየ10 ደቂቃው ለማሠራት 8 አውቶቡስ ይፈልጋል። በየአቅጣጫው 10 ደቂቃ ከተቆጠበ ደርሶ መልሱ 60 ይሆናል፣ 6 አውቶቡስ ይበቃል። ሁለቱ አውቶቡሶች ሳይገዙ የተገኙ ናቸው፤ ናፍጣቸውና ሹፌራቸውም እንዲሁ።

ሥራው ተሳክቶ እንደሆነ ለመፈተሽ ሰዓት የያዘ ሰው ይበቃል። ከመቀባቱ በፊት አሥር ጉዞ፣ ከተቀባ ከአንድ ወር በኋላ አሥር ጉዞ፣ ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡30፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ። ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ሰኞና ዓርብ ያዘናጋሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሌለበት ሰሞንም አይለካ። አማካዩን ተዉትና በጣም የዘገየውን ጉዞ ከበፊቱ በጣም ከዘገየው ጋር አስተያዩ፤ ተሳፋሪው ከቤቱ የሚወጣበትን ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው።